ክረምት ሳይገባ፤ ቤተሰብና የቤት ውሻ ለአደጋ ጊዜ የሚያደርጉት ዝግጅት

በጎጃም ደጋ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በስተሰሜን በኩል የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከዚህ ተራራ ተነሥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። በሲናን፣ በቢቡኝ፣ በማቻክልና በደባይ ጥላትግን ያለው ገበሬ ኑሮው ከተራራው ዝናብ ጋር የተሳሰረ ነው። ገብሱና ድንቹ የሚያፈራው በዚህ ዝናብ ነው፤ ጎርፉ፣ በረዶውና መብረቁም የሚመጣው ከዚሁ ዝናብ ጋር ነው።

ከባድ ዝናብ የሚፈጠርበት መንገድ ለመረዳት አያስቸግርም። በክረምት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ያዘለ ነፋስ ወደ ደጋው ይነፍሳል። ነፋሱ ተራራ ሲገጥመው ሽቅብ ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘው እርጥበት ደመና ይሆናል። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ስታሞቀው ደግሞ የሞቀው አየር የበለጠ ወደ ላይ ይነሣል። ረፋዱን ጠርቶ የቆየ ሰማይ ከቀትር በኋላ በድንገት ጠቁሮ ነጎድጓድና በረዶ የሚያወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ልጆች ከብት ይዘው መስክ ላይ የሚገኙት፣ ገበያተኛም ወደ ቤቱ የሚመለሰው በዚሁ ሰዓት ነው።

ለዚህ ወቅት የሚዘጋጅ ቤተሰብ አራት አደጋዎችን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል፤ በረዶን፣ መብረቅን፣ ደራሽ ጎርፍንና የመሬት መንሸራተትን። ከእነዚህ ጋር አብሮ መታሰብ ያለበት፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚረሳ ሌላ ጉዳይ አለ፤ እሱም የቤቱ ውሻ ነው። በከተማ ቤት ውስጥ ተሞላቅቆ ያደገ ትንሽ ውሻ በአደጋ ሰዓት የቤተሰቡን ጉዞ ሊያዘገይ፣ ከቤት የወጣ ልጅንም ወደ ኋላ ሊመልስ ይችላል።

የመጀመሪያው አደጋ በረዶ ነው። በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ሽቅብ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ የውሃ ጠብታዎችን ወደ በረዷማው ከፍታ ያወጣቸዋል። ጠብታዎቹ እዚያ ይረጋሉ፤ ሲወርዱና ተመልሰው ሲነሡ በላያቸው ውሃ እየረጋ ይወፍራሉ፤ ነፋሱ ሊሸከማቸው ሲያቅተው ይወድቃሉ። ደጋው ለዚያ ከፍታ ቅርብ ስለሆነ በረዶው ሳይቀልጥ መሬት ይደርሳል፤ በቆላ ግን ብዙው በመንገድ ይቀልጣል። በረዶ ያበበን ገብስና የድንች ቅጠልን በጥቂት ደቂቃ ያረግፋል፤ ጠቦትና ጫጩት ይገድላል፤ በደንብ ያልተመታ የቆርቆሮ ክዳንንም ይጎዳል። መፍትሔው ክረምት ሳይገባ የጣሪያውን ሚስማር ማጥበቅ፣ የሳር ክዳኑን ማደስ፣ ለጥጃና ለበግ መጠለያ ማበጀት ነው። በረዶ ሲጀምር መስክ ላይ ያለ ልጅ ራሱን በክንዱ ወይም በያዘው ዕቃ ሸፍኖ በአቅራቢያው ወዳለ ቤት መግባት አለበት። ከብቱን ለመሰብሰብ መቆየት የለበትም።

ሁለተኛው መብረቅ ነው። መብረቅ በደመናና በምድር መካከል፣ ወይም በራሱ በደመናው ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ነው። የሚያልፍበትን አየር 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከሚደርስ ሙቀት ያግለዋል፤ ነጎድጓዱ በዚህ ሙቀት በድንገት የተለጠጠው አየር ድምፅ ነው። ብርሃኑ ወዲያው ይታያል፤ ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ጊዜ በሰከንድ ቆጥሮ ለሦስት ማካፈል የመብረቁን ርቀት በኪሎ ሜትር ይነግራል። ቆጠራው ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው፤ በዚህ ጊዜ መስክ ላይ መቆየት አደገኛ ነው። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ መውጣት አይገባም።

በጎጃም መስክ ሰውና ከብት በዝናብ ጊዜ የሚጠለሉት ብዙውን ጊዜ ከባሕር ዛፍ ወይም ብቻውን ከቆመ ዋርካ ሥር ነው። ይህ ልማድ ሕይወት ያጠፋል። መብረቅ ረጅሙን ነገር ሲመታ ኤሌክትሪኩ በግንዱ ወርዶ በዙሪያው ባለው መሬት ይሰራጫል። በሁለት እግሮች መካከል ያለው ርቀት በሰፋ መጠን በአካል ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይጨምራል። የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ከብቶች በአንድ ምት ተያይዘው የሚሞቱት ለዚህ ነው። መጠለያ ያጣ ሰው ከዛፍ፣ ከሽቦ አጥርና ከከብት መንጋ ርቆ፣ ዝቅ ባለ ቦታ ሁለት እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ማለት አለበት፤ መሬት ላይ መተኛት የለበትም። ገሳ ከዝናብ ይጠብቃል፤ ከመብረቅ ግን አያድንም። በረጅም ዛፍ ወይም በሽቦ አጥር ላይ በብረት ሰንሰለት የታሰረ ውሻም በዚህ ሰዓት ትልቅ አደጋ ላይ ነው። ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊት ተፈትቶ ወደ ቤት ወይም ወደ በረት መግባት አለበት። ቤት ውስጥ ደግሞ ቴሌቪዥንና ሌሎች የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ከሶኬት ይነቀላሉ፤ ስልክ ቻርጅ እየተደረገ አይያዝም፤ የቧንቧ ውሃም ነጎድጓዱ እስኪያልፍ ባይነካ ይመረጣል።

ሦስተኛው ደራሽ ጎርፍ ነው። ጎርፉ የሚደርስበት ቦታ ላይ ዝናብ ላይኖር ይችላል። ጮቄ ላይ የዘነበው ውሃ ሰዓታት ቆይቶ ታች ባለው መሻገሪያ ላይ ይደርሳል፤ ወንዙ ዳር ያለው ሰው ግን ፀሐይ እየሞቀ ሊሆን ይችላል። ወንዙ ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መሸከም ከጀመረ፣ ከላይ የሚያስገመግም ድምፅ ከተሰማ ወዲያውኑ ወደ ከፍታ መውጣት ያስፈልጋል። 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂን ሰው ይጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ደግሞ አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ብዙዎቹ አደጋው የደረሰባቸው በተኙበት ነበር። ቤቱ ከወንዝ ወይም ከቦረቦር አጠገብ የሆነ ቤተሰብ በከባድ ዝናብ ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው በየተራ መመደብ ይኖርበታል።

አራተኛው የመሬት መንሸራተት ነው። ቀናት የዘለቀ ዝናብ ገደላማውን አፈር ውሃ ያጠግበዋል፤ የከበደው አፈር ከሥሩ ካለው ዐለት ተላቅቆ ይወርዳል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ናዳ ከወረደ በኋላ ከላይ ያለውን ተዳፋት የሚመለከትና የሚያስጠነቅቅ ሰው ሳይቆም ቁፋሮ መጀመር አይገባም። የናዳ ምልክቶችም አሉ፤ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ አጥርና ዛፍ ያዘነብላሉ፣ ምንጭ ባልነበረበት ይፈልቃል፣ የነበረውም ይደፈርሳል፣ በርና መስኮት አልገጥም ይላሉ። እነዚህ በታዩበት ቤት ማደር አደጋ ነው። አስቀድሞ የሚሠራው እርከን፣ ከማሳው ውሃ የሚያወጣው ፈሰስ፣ በቤቱ ዙሪያ የሚቆፈረው ቦይ ደግሞ አፈሩ ውሃ እንዳይጠግብ ይረዳሉ፤ ፈሰሱ ግን ቦረቦር እንዳይፈጥር በጎረቤት ስምምነት መመራት አለበት።

በጎጃም ገጠር ውሻ ደጅ የሚኖር ጠባቂ ነው። በረቱን ከጅብ፣ ማሳውን ከዝንጀሮ፣ ቤቱን ከሌባ ይጠብቃል፤ የቤተሰቡን ትርፍራፊ ይበላል፤ ከጎተራ ሥር ወይም ከምድጃ ቤት ጥግ ያድራል። በከተማ ግን፣ በደብረ ማርቆስም ጭምር፣ ሰው ‘የፈረንጅ ውሻ’ የሚለውን ትንሽ ውሻ በሳሎን ማኖር እየተለመደ መጥቷል። ነገሩ በአገሩ ፈጽሞ አዲስ አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለ ትንሽ ውሻ በቤተ መንግሥት ነበራቸው። የዛሬው ትንሽ ውሻ ሶፋ ላይ ይተኛል፤ ከእጅ ካልሆነ አይበላም፤ ሥጋ ካልሆነ ይንቃል፤ ማሰሪያ አንገቱ ላይ ሲያርፍ ይጮኻል፤ ሲጠሩት አይመጣም፤ ያልለመደው ሰው ሲያነሣው ይነክሳል። በሰላሙ ቀን ይህ ሁሉ ያስቃል። ጎርፍ በመጣበት ሌሊት ግን ውሻው አልጋ ሥር ተደብቆ አልወጣም ሲል፣ የሚወደው ልጅም ጥዬው አልሄድም ሲል፣ ቤተሰቡ ያለችውን ጥቂት ደቂቃ ያጣል።

ይህ ችግር በሌላው ዓለም በብዙ ሕይወት ዋጋ ታይቷል። በነሐሴ 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ የአሜሪካን ኒው ኦርሊንስ ከተማ ስታጥለቀልቅ፣ የመጠለያ ጣቢያዎች እንስሳ ስለማይቀበሉ ውሻና ድመታቸውን ጥለው መውጣት ያልፈለጉ ብዙ ሰዎች በቤታቸው ቀሩ። አገሪቱ በ1999 ዓ.ም. የአደጋ ጊዜ ዕቅዶች የቤት እንስሳ ያላቸውን ቤተሰቦች እንዲያካትቱ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። የሕጉ መነሻ ሰው እንስሳውን ጥሎ እንደማይሄድ መታወቁ ነው፤ ውሻውን በዕቅድ ማካተት ሰውን ማዳን ነው።

የተሞላቀቀ ውሻ የሚታረመው በበጋ ነው፤ የሚታረመውም በዱላ አይደለም። ውሻ ከሠራው ሥራ በኋላ ወዲያው የሚያገኘውን ጥሩ ነገር ያስታውሳል፤ ስለዚህ የሚፈለገውን ባደረገ ቁጥር ትንሽ ቁራሽና ምስጋና ይበቃዋል። በመጀመሪያ የሚማረው በስሙ ሲጠራ መምጣትን ነው። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ስም ይጠራዋል፤ በመጣ ቁጥር ይሸለማል፤ መጥቶ ግን ፈጽሞ አይመታም። ሁለተኛው አንገትጌና ማሰሪያ መልመድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ለጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያም እየረዘመ ይሄዳል። ሦስተኛው መያዣ ውስጥ መግባት ነው። ክዳን ያለው ቅርጫት ወይም አየር የሚያስገባ ጠንካራ ሳጥን ይበቃል፤ ምግቡ እዚያ ውስጥ ሲሰጠው፣ አሮጌ ጨርቅ ሲነጠፍለት ውሻው በራሱ ፈቃድ ይገባበታል። አራተኛው ከቤተሰቡ ውጭ በሆነ ሰው፣ ለምሳሌ በጎረቤት እጅ፣ መያዝን መልመድ ነው፤ በአደጋ ጊዜ ማን እንደሚያነሣው አይታወቅምና።

ምግቡም መስተካከል አለበት። ሥጋ ብቻ የለመደ ውሻ ክረምቱ መካከል ላይ ይቸገራል፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ስለሆነ በብዙ ቤት ሥጋ አይሠራም። የተረፈ ወጥ ደግሞ ለውሻ ጤናማ አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ ጉዳቱ በትንሽ ውሻ ላይ ይፈጥናል። የበሰለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ሊወጋ ይችላል። ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬና ያለ ጨው የተቀቀለ ሩዝና ድንች ለጥቂት ቀናት የሚያቆይ ምግብ ነው፤ ውሻው በደህናው ጊዜ ሊለምደው ይገባል።

ነጎድጓድን መፍራት ሌላው ጉዳይ ነው። ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ሲሰማ ውሻ ከ40,000 ኸርዝ በላይ ይሰማል፤ ለሰው የማይሰሙ ብዙ ድምፆች ለእሱ ይሰሙታል። ገና ሰማዩ ሳይጠቁር የሚንቀጠቀጥ፣ በር የሚቧጥጥ፣ አጥር ዘሎ የሚጠፋ ውሻ ያጋጥማል። ፈርቶ የተደበቀን ውሻ መቆጣት ፍርሃቱን ያባብሰዋል። መስኮቱ ተዘግቶ፣ የለመደው መያዣ በመሐል ክፍል ተቀምጦ፣ አንድ የቤቱ ሰው በተረጋጋ ድምፅ አጠገቡ ቢሆን ይበቃዋል። ትንሽ ውሻ ከትልቁ ይልቅ ሙቀት ቶሎ ስለሚያጣ ዝናብ ከመታው ወዲያው በደረቅ ጨርቅ መታሸት ያስፈልገዋል።

የቤተሰቡ የአደጋ ጊዜ ስንቅ ግንቦት ሳያልቅ ይሰናዳል። ለደጋው ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ሳይበስሉ የሚበሉ፣ ለሳምንታት የሚቆዩ የአገር ስንቆች ናቸው። ከስንቁ ጋር ክዳን ባለው ጀሪካን ንጹሕ ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ለቁስል ማሰሪያ የሚሆን ንጹሕ ጨርቅና የዘወትር መድኃኒት ይቀመጣል። የቀበሌ መታወቂያ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የልደትና የትምህርት ማስረጃ በፌስታል ተጠቅልሎ በአንድ ቦርሳ ይገባል። ለውሻው የሦስት ቀን ምግብ፣ ማሰሪያው፣ የክትባት ካርዱና መያዣው በዚሁ ቦርሳ አጠገብ ይሆናሉ። አምስት ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በቀን ግማሽ ሊትር ውሃ ይበቃዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥራ ክፍፍል ነው። ሕፃናትን የሚይዝ፣ አረጋውያንን የሚደግፍ፣ ቦርሳውን የሚያነሣ፣ የከብቱን በረት የሚከፍት፣ ውሻውን የሚይዝ ሰው በስም ይለያል። ውሻውን የሚይዘው አዋቂ መሆን አለበት፤ ለልጅ አይተውም። ልጆችም አስቀድመው ሊነገራቸው የሚገባው ነገር ውሻው ያዥ እንዳለው፣ እነሱ ወደ ቤት መመለስ እንደሌለባቸው ነው። የመገናኛ ቦታም ይወሰናል። በገጠርም በከተማም በአደጋ ጊዜ ሰው የሚሰበሰበው ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በትምህርት ቤት ነው። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም፤ ትምህርት ቤቶች ግን በክረምት ስለሚዘጉ ክፍት ቦታ ይኖራቸዋል። ውሻ ያለው ቤተሰብ ከፍ ባለ ቦታ ከሚኖር ዘመድ ወይም ጎረቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገሩ የተሻለ ነው። በግና ፍየል ያለው ደግሞ ውሻው እንዳያስበረግጋቸው ለየብቻ የሚያድሩበትን ያስባል።

የአየር ጠባይ መረጃ የዝግጅቱ አካል ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን አዝማሚያ ወቅቱ ሳይገባ፣ ከዚያም የ10 ቀናትና የዕለት ትንበያ ያወጣል፤ ሬዲዮም ያስተላልፈዋል። ከባድ ዝናብ እንደሚጠበቅ በተነገረ ቀን ከብት ከወንዝ ማዶ አይሰማራም፤ ገበያተኛ በጊዜ ይመለሳል፤ ውሻ ያለ ማሰሪያ ከቤት አይወጣም።

በዝናቡና በብርዱ ሌሊት ሳይታሰብ የሚገድል ሌላ ነገር ከሰል ነው። ቤቱን ለማሞቅ በር ተዘግቶ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ማንደጃው ከመተኛት በፊት ወደ ደጅ መውጣት አለበት፤ በቤት ውስጥ የሚያድረውን ውሻ ጨምሮ ለሁሉም የሚበጀው ይህ ነው።

አደጋው ካለፈ በኋላ ሦስት ጥንቃቄዎች ይቀራሉ። አንደኛው የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ ማንም አይጠጋውም፣ እርጥብ መሬቱንም አይረግጥም። ሁለተኛው ውሃ ነው። ጎርፍ የገባበት ምንጭና ጉድጓድ ሳይታከም አይጠጣም። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ መንተክተክ አለበት፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ይጨመርበታል። ሦስተኛው የውሻ ንክሻ ነው። ከአደጋ በኋላ የጠፉና የደነገጡ ውሾች በመንደር ይንከራተታሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፤ ቀድሞ ግን ይከላከሉታል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ለቤቱ ውሻ ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በየዓመቱ በእንስሳት ጤና ክሊኒክ የሚሰጠው ክትባት ከሁሉ ይቀድማል። አምቡላንስ ያስፈለገው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን በ907 መጥራት ይችላል።

እያንዳንዱ ቤተሰብ ግንቦት ሳያልቅ አንድ ቀን ለዚህ ሥራ ቢሰጥ፣ ቦዩን ቢጠርግ፣ ስንቁን ቢያሰናዳ፣ ውሻውን ቢያስከትብና መያዣ ቢያስለምድ፣ የመውጫውን መንገድ ከልጆቹ ጋር አንድ ጊዜ ቢሄድበት፣ ክረምቱ ሲከብድ የሚወስነው ነገር አይኖርበትም፤ የወሰነውን ብቻ ይፈጽማል።